የሒሳብ መኪናይቱን መጽሐፍ የጻፉት ሴት፤ የግሬስ ሆፐር የሕይወት ታሪክ

በትምህርት ቤታችን የኮምፒዩተር ክፍል አንድ ተማሪ ሥራው ተበላሽቶበት ግራ ሲገባውና መምህሩም ሌላውን ተማሪ በማስረዳት ላይ ሳሉ፣ ከላይ በተርታ ከተደረደሩት ቁልፎች አንዷን፣ ኤፍ 1 የተጻፈባትን ተጭኖ ይጠብቃል። በብዙዎቹ ፕሮግራሞች ዘንድ ወዲያው የእርዳታ ገጽ ይከፈትለታል። ገጹ አንዳንድ ጊዜ ይጠቅመዋል፤ አንዳንድ ጊዜም ከፊተኛው ይልቅ ግራ ያጋባዋል። ያንን ገጽ ማን እንደ ጻፈው፣ ኮምፒዩተርን ለማያውቅ ሰው በጽሑፍ የማስረዳት ሥራስ ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅ ግን የለም። እኔም የግሬስ ሆፐርን ታሪክ እስካነብ ድረስ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

እኒህን ሴት ብዙ ሰው የሚያውቃቸው ኮቦል በተባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ፣ ወይም በአንዲት የእሳት ራት ምክንያት ነው። ስለ ሁለቱም በየቦታቸው እናገራለሁ። ከሁሉ አስቀድሞ ግን መጽሐፍ ጸሐፊ እንደ ነበሩ ለማሳየት እወዳለሁ። ውድ አንባብያን፣ ከዚህ በታች የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን እንድታስተውሉልኝ እለምናለሁ።

ግሬስ ብሩስተር መሪ ዲሴምበር 9 ቀን 1906 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከተማ ተወለዱ። ከሦስት ልጆች የመጀመሪያዪቱ ነበሩ። አባታቸው የኢንሹራንስ ሠራተኛ ሲሆኑ፣ እናታቸው ደግሞ ሒሳብ የሚወዱ ሴት ነበሩ፤ በዚያ ዘመን ግን ሒሳብ ለሴት ልጅ እንደሚገባ ትምህርት አይቈጠርም ነበርና ፍላጎታቸውን ሳይፈጽሙ ቀሩ። አባትዮው በደም ሥር ሕመም ምክንያት እግሮቻቸውን ስላጡ፣ ሴቶች ልጆቻቸው ነገ በራሳቸው እጅ ሠርተው መኖር እንዲችሉ ከወንድማቸው እኩል ያስተምሯቸው ነበር።

ሰባት ዓመት ሲሆናቸው የሠሩት ጥፋት በታሪካቸው ሁሉ ውስጥ ይነገራል። ቤተ ሰቡ ክረምቱን በሚያሳልፍበት የገጠር ቤት በየመኝታ ቤቱ አንዳንድ የደወል ሰዓት ነበር። ሕፃንዋ ግሬስ ሰዓቱ እንዴት እንደሚደውል ለማወቅ ፈልገው አንዱን ፈቱት። መልሰው ለመግጠም ስላቃታቸው፣ አሠራሩን ለማየት ሁለተኛውን ፈቱ፤ እንዲህም እያሉ ሰባቱንም ጨረሱ። እናታቸው ነገሩን በደረሱበት ጊዜ ከአንድ ሰዓት በላይ እንዳይነኩ ከለከሏቸው እንጂ ጨርሶ አልከለከሏቸውም። (ይህን መጽሔት የሚያነቡ ወላጆች ይህን አንቀጽ ሁለት ጊዜ ቢያነቡት ደስ ይለኛል።)

ቫሳር ወደ ተባለው ኮሌጅ ለመግባት በ16 ዓመታቸው ቢፈተኑ በላቲን ቋንቋ ወደቁ። አንድ ዓመት ታግሠው ካጠኑ በኋላ ገብተው በ1928 ዓ.ም. በሒሳብና በፊዚክስ ተመረቁ። ከዚያም ዬል ዩኒቨርሲቲ ገብተው በ1930 ዓ.ም. የማስተርስ፣ በ1934 ዓ.ም. በሒሳብ የዶክትርነት ማዕረግ ተቀበሉ። በ1930 ዓ.ም. ቪንሰንት ሆፐር የተባሉ ምሁር አግብተው ነበር፤ ሆኖም በ1945 ዓ.ም. ተፋቱ፤ ልጅም አልወለዱም። ስማቸውን ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው ይዘው ኖሩ።

ከ1931 ዓ.ም. ጀምሮ በተማሩበት በቫሳር ኮሌጅ ሒሳብ አስተማሩ። እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም በኋላ የመጣው ሁሉ ከዚህ ክፍል የወጣ ይመስለኛል። መምህርት ሆፐር የስተርሊንግ ቀመር የተባለውን የሒሳብ ሕግ ካስተማሩ በኋላ፣ ተማሪዎቻቸው ስለዚሁ ቀመር ድርሰት እንዲጽፉ ያዙ ነበር። ድርሰቱንም በቀይ ቀለም ያርሙት የነበረው በሒሳቡ ብቻ ሳይሆን በቋንቋውም ነው። ተማሪዎቹ የገቡት ወደ ሒሳብ ክፍል እንጂ ወደ እንግሊዝኛ ክፍል እንዳልሆነ በመናገር አጕረመረሙ። መምህርቲቱ ግን ለሌላ ሰው ሊያስረዱት ካልቻሉ ሒሳብ መማሩ እንደማይረባቸው ገልጸው፣ ድርሰቱን መልሰው እንዲጽፉት ያደርጉ ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔም በዚያ ክፍል ብሆን ኖሮ ከአጕረምራሚዎቹ መካከል እገኝ ነበር።

በዲሴምበር 1941 ዓ.ም. ጃፓን ፐርል ሃርበርን ከደበደበችና አሜሪካ ወደ ጦርነቱ ከገባች በኋላ፣ ሆፐር የባሕር ኃይል ወታደር ለመሆን ቈረጡ። ቅድመ አያታቸው በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ በባሕር ኃይል ያገለገሉ፣ በኋላም የአድሚራልነት ማዕረግ ያገኙ ሰው ነበሩ። ነገር ግን ዕድሜያቸው ሠላሳ አምስትን አልፎ ነበር፤ ክብደታቸውም 48 ኪሎ ያህል ብቻ ሆኖ ከሚፈለገው በ7 ኪሎ ያንስ ነበር። በዚያም ላይ የሒሳብ መምህራን በማስተማር ሥራቸው እንዲቆዩ መንግሥት ይፈልግ ነበር። እርሳቸው ግን በብርቱ ስለ ለመኑ በልዩ ፈቃድ በ1943 ዓ.ም. መጨረሻ ገቡ፤ ከሥልጠናውም ከጓደኞቻቸው አንደኛ ሆነው ወጡ።

መርከብ ላይ እሳፈራለሁ ብለው ሲጠብቁ፣ በጁላይ 1944 ዓ.ም. ወደ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተላኩ። እዚያ ያገኙት መርከብ ሳይሆን አንዲት ታላቅ መኪና ነበረች። ማርክ አንድ ትባላለች። ርዝመቷ 15 ሜትር ተኩል ያህል፣ ክብደቷ ከአራት ቶን በላይ፣ በውስጧ ያለው ሽቦ ቢዘረጋ 800 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ነበር። ቍጥሮችን በሴኮንድ ሦስት ጊዜ ትደምር ነበር፤ ለአንድ ማባዛት ስድስት ሴኮንድ፣ ለማካፈል ደግሞ ከ15 ሴኮንድ በላይ ያስፈልጋት ነበር። ዛሬ በኪሳችን የምንይዘው ስልክ ቢሰማት ይስቅ ይሆናል፤ በዚያን ጊዜ ግን ያለ ሰው እጅ፣ ትእዛዟን ከተበሳ የወረቀት ጥቅልል እያነበበች ሌሊትና ቀን ትሠራ ነበር። ያሰቧት ሃዋርድ ኤይከን የተባሉ የሃርቫርድ መምህር ሲሆኑ፣ የሠራቻት አይቢኤም የተባለችው ኩባንያ ናት። ሪቻርድ ብሎክና ሮበርት ካምቤል የተባሉ ሁለት ወጣት መኰንኖች አስቀድመው ይሠሩባት ስለ ነበር ለአዲሲቱ መኰንን አሠራሯን አሳዩ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነበር። ይህችን መኪና ማዘዝ የሚችሉት በጣት የሚቈጠሩ ሰዎች ብቻ ሲሆኑ፣ ዕውቀታቸውም በራሳቸው ውስጥ እንጂ በመጽሐፍ አልነበረም። የባሕር ኃይሉ የመድፍ ሠንጠረዥ፣ የመርከብና የባሕር ፈንጂ ሒሳብ ይልካል፤ በኦገስት 1944 ዓ.ም. ጆን ፎን ኖይማን የተባሉት ታላቅ የሒሳብ ሊቅ አንድ ከባድ ጥያቄ ይዘው መጡ። ለአቶሚክ ቦምብ ሥራ መሆኑን መኪናይቱን የሚያሠሩት ሰዎች ያወቁት ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ነው። እንግዲህ ከነዚያ ጥቂት ሰዎች አንዱ ቢታመም ወይም ወደ ሌላ ሥራ ቢዛወር፣ ምን ያህል ሥራ እንደሚቋረጥ መገመት አያዳግትም።

ስለዚህ ኤይከን ለሆፐር የመኪናይቱን መጽሐፍ እንዲጽፉ አዘዟቸው። ሆፐር መጽሐፍ ጽፈው እንደማያውቁ ቢናገሩም፣ ኤይከን ወታደር መሆናቸውን አስታወሷቸው እንጂ ምክንያታቸውን አልተቀበሉም። ሥራው ቀላል አልነበረም። የሚመስለው መጽሐፍ ስላልነበረ አርአያ የሚሆን አልተገኘም። ሽቦውን የዘረጉት መሐንዲሶች የሚያውቁትን፣ ብሎክ በልምድ ያገኙትን፣ በሥዕል ብቻ ያለውን ሁሉ ሰብስበው፣ እያንዳንዱን ክፍል ከመኪናይቱ ፊት ቆመው እየመረመሩ ይጽፉ ነበር። በየቀኑ ማታ የጻፉትን አምስት ገጽ ያህል ለኤይከን ያነቡላቸዋል፤ ኤይከንም ያልተስተካከለውን እንዲለውጡ ያዟቸዋል። የቀረውን ቀንና ሌሊት ደግሞ ለመኪናይቱ ትእዛዝ ያዘጋጁ ነበር።

መጽሐፉ በ1946 ዓ.ም. በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታትሞ ወጣ። ከ500 ገጽ በላይ አለው። የመጀመሪያው ምዕራፍ ስለ ሒሳብ መኪናዎች ታሪክ፣ በተለይም በ19ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር ስለ ነበሩት ስለ ቻርልስ ባቤጅ ይተርካል። ከዚያ በኋላ የየክፍሉ ሥራ፣ የሽቦው ሥዕል፣ ትእዛዝ የሚጻፍበት ደንብና ምሳሌዎች ይከተላሉ። አንድ ሰው ያለ መምህር መጽሐፉን ከፍቶ ለመኪናይቱ ትእዛዝ ማዘጋጀት ይችል ዘንድ የተጻፈ ነው። ዛሬ በዓለም ካሉት የኮምፒዩተር መመሪያ መጻሕፍት ሁሉ ከቀደሙት አንዱ ይህ ነው። በርእሱ ገጽ የተጻፈው የቤተ ሙከራው ሠራተኞች ስም በጅምላ ሲሆን፣ ከዋና ጸሐፊነታቸው ጋር የሚመጣጠን ክብር ግን በዚያን ጊዜ አላገኙም።

መጽሐፉን በሚጽፉበት ጊዜ ሌላ ነገር አስተዋሉ። እርሳቸውና ብሎክ ተፈትኖ ትክክል የሆነውን የትእዛዝ ክፍል ሁሉ በደብተር ያኖሩ ነበር። ለምሳሌ የሳይን ሒሳብ ያስፈለገው ከጓደኛው ደብተር ይገለብጠዋል። ይሁን እንጂ ሰው ሲገለብጥ ይሳሳታል። 4 ቍጥር ሌላ ምልክት ሆኖ ይገኛል፤ የእንግሊዝኛው ቢ ፊደልም 13 ይሆናል። የኛ ክፍል ተማሪዎች ከሰሌዳ ሲገለብጡ የሚደርሰው ስሕተት ማለት ነው፤ ልዩነቱ በዚያ አንዲት ስሕተት የሌሊቱን ሥራ ሁሉ ማበላሸቷ ነው።

የእሳት ራቲቱ ነገር የሆነው በሴፕቴምበር 9 ቀን 1947 ዓ.ም. ነው። ማርክ ሁለት የተባለችው መኪና ቆማ ሠራተኞቹ ቢፈልጉ፣ በአንዱ ሪሌ መካከል የሞተች የእሳት ራት አገኙ፤ በመዝገቡም ላይ ለጠፏት። እንግሊዞችና አሜሪካኖች የመኪና ብልሽትን ተባይ ብለው መጥራት የጀመሩት ከዚያ በፊት ብዙ ዘመን ስለ ሆነ ቃሉን የፈጠሩት ሆፐር አይደሉም፤ ራቲቱንም በእጃቸው አላገኟትም። ታሪኩን እየደጋገሙ በመናገር ያሳወቁት ግን እርሳቸው ናቸው።

ሃርቫርድ በዚያ ዘመን ለሴት ቋሚ የመምህርነት ቦታ የማይሰጥ ስለ ነበር፣ ውላቸው ሲያልቅ በ1949 ዓ.ም. ፊላደልፊያ ወደሚገኝ፣ ዩኒቫክ የተባለውን ኮምፒዩተር ወደሚሠራ ትንሽ ኩባንያ ሄዱ። እነዚህ ዓመታት ለእርሳቸው የጨለማ ዓመታት ነበሩ። የጦርነቱ ዘመን ድካም፣ ፍቺውና የነገ ኑሯቸው አለመታወቅ ተደራርበውባቸው በመጠጥ ተያዙ፤ በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር ሰክረው በፖሊስ እስከ መያዝ ደረሱ። ወዳጆቻቸው ባይደግፏቸው ኖሮ ታሪካቸው እዚያ ሊቆም ይችል ነበር። ይህን መጻፍ ይገባ እንደ ሆነ ብዙ አሰብሁ። ነገር ግን የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ ስናነብ ወድቀው እንደማያውቁ አድርገን ብንጽፈው፣ ለአንባቢው እውነተኛውን ሰው አላሳየነውም።

ከዚያ ጨለማ ወጥተው የሠሩት ሥራ የደብተሩን ችግር የሚፈታ ነበር። ተፈትነው ትክክል የሆኑትን የትእዛዝ ክፍሎች በማግኔት ጥቅልል ላይ አኖሩ፤ ለእያንዳንዱም በቤተ መጻሕፍት እንዳሉ መጻሕፍት የመጠሪያ ምልክት ሰጡት። ሠራተኛው ምልክቱን ብቻ ይጽፋል፤ ኮምፒዩተሩ ራሱ ክፍሎቹን እየፈለገ፣ እየገለበጠና እያገጣጠመ አንድ ሙሉ ፕሮግራም ያደርጋቸዋል። ይህን በ1952 ዓ.ም. አሳዩ። መሣሪያውን ኮምፓይለር ብለው ሰየሙት፤ ክፍሎችን ሰብስቦ የሚያጠናቅር ስለ ሆነ ነው።

ቀጥሎም ከዚህ የሚበልጥ ነገር አሰቡ። የንግድ ቤት ሠራተኛ የሒሳብ ምልክት ከሚማር ይልቅ በሚያውቀው ቃል ለምን አያዝም? አለቆቻቸው ኮምፒዩተር የሰው ቋንቋ እንደማይገባው በመናገር ለብዙ ጊዜ አልፈቀዱላቸውም። እርሳቸው ግን በእንግሊዝኛ ቃላት የሚታዘዝ ፕሮግራም በትንሹ ሠርተው አሳዩ። ምልክቱን መለዋወጥ ብቻ ስለ ሆነ ይኸው ፕሮግራም በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ቃላትም እንደሚሠራ ጨምረው ባሳዩ ጊዜ፣ ራሳቸው ይተርኩት እንደ ነበረው፣ አለቆቹ ደነገጡ። በፔንሲልቬኒያ የተሠራ የአሜሪካ ኮምፒዩተር ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ ያውቃል መባሉን ሊቀበሉት አልቻሉም፤ ሆፐርም በእንግሊዝኛ ብቻ እንደሚሠሩ ቃል መግባት ግድ ሆነባቸው። ይህን ባነበብሁ ጊዜ መጽሐፉን ዘግቼ ጥቂት አሰብሁ። በመኪናይቱ በኩል ቢሆን፣ ለፈረንሳይኛ የሠራው ዘዴ ለአማርኛም የማይሠራበት ምክንያት አልነበረም። እንቢ ያሉት ሰዎች ናቸው።

ከዚህ ሥራ ፍሎው ማቲክ የተባለው ቋንቋ ተወለደ። በሜይ 1959 ዓ.ም. የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር የኮምፒዩተር ሠሪዎችንና ተጠቃሚዎችን ሰብስቦ፣ በሁሉም መኪናዎች ላይ የሚሠራ አንድ የንግድ ቋንቋ እንዲዘጋጅ ተስማሙ። ይህም ኮቦል ነው። ኮቦልን ሆፐር ብቻቸውን ፈጠሩት ማለት ስሕተት ይሆናል፤ ያዘጋጀው ኮሚቴ ነው፤ እርሳቸው አማካሪ ነበሩ። መሠረቱ ግን በአብዛኛው ፍሎው ማቲክ ነው። በዲሴምበር 1960 ዓ.ም. አንዱ የኮቦል ፕሮግራም በሁለት ልዩ ልዩ ኩባንያዎች ኮምፒዩተር ላይ ጥቂት ብቻ ተለውጦ ሠራ። የኮቦል ትእዛዝ ለሚያነበው ሰው መመሪያ ጽሑፍ ይመስላል። ቃሉ በዝቷል ብለው የሚነቅፉት ፕሮግራም ጸሐፊዎች ብዙ ናቸው። እኔ ደግሞ ከሃያ ዓመት በኋላ የሌላ ሰው ፕሮግራም ለማስተካከል የተገደደ ሰው ያን ያህል የሚነቅፈው አይመስለኝም።

በ1966 ዓ.ም. መጨረሻ የባሕር ኃይሉ በዕድሜ ምክንያት በጡረታ አሰናበታቸው። እንባቸው ሳይደርቅ በ1967 ዓ.ም. ለስድስት ወር ብቻ ተብለው ተመልሰው ተጠሩ፤ ከጥቂት ጊዜ ዕረፍት በቀር እስከ 1986 ዓ.ም. ቆዩ። በእነዚህ ዓመታት ከሠሩት ትልቁ፣ በየመርከቡና በየመሥሪያ ቤቱ ያለው ኮቦል አንድ ዓይነት እንዲሆን የሚፈትን ፕሮግራም ማዘጋጀት ነበር። በየአዳራሹም እየተዘዋወሩ ያስተምሩ ነበር። ሴኮንድ ለአንድ ቢሊዮን ሲከፈል ምን ያህል እንደሚያጥር ለጄኔራሎች ለማስረዳት፣ በዚያ ቅጽበት ብርሃን የሚሄድበትን ርቀት፣ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ ሽቦ ቈርጠው ለየአንዳንዱ ያድሉ ነበር። በቢሯቸውም የሚሠቅሉት ሰዓት ወደ ኋላ የሚዞር ነበር፤ ሰባት ሰዓት ለፈታች ልጅ የሚስማማ ይመስለኛል። በሪር አድሚራል ማዕረግ በቦስተን ወደብ፣ ኮንስቲትዩሽን በተባለችው ጥንታዊት መርከብ ላይ በተደረገ ሥርዓት በ79 ዓመታቸው ተሰናበቱ። ጃንዋሪ 1 ቀን 1992 ዓ.ም. በ85 ዓመታቸው ዐርፈው በአርሊንግተን መካነ መቃብር በክብር ተቀበሩ። ሆፐር የተባለችው የጦር መርከብ በ1997 ዓ.ም. አገልግሎት ጀመረች።

አሁን ወደ ኤፍ 1 ቁልፍ ልመለስ። ማይክሮሶፍት በ1990 ዓ.ም. ዊንዶውስ 3.0ን ባወጣ ጊዜ፣ የእርዳታ ገጽ የሚከፍት ፕሮግራም አብሮት ነበር። ገጾቹን የሚያዘጋጁ ጸሐፊዎች ጽሑፉን በርእስ በርእስ ከፍለው በዎርድ ይጽፋሉ። ከዚያ በእያንዳንዱ ርእስ ግርጌ በእጃቸው የተለያዩ ምልክቶች ያስገባሉ፤ አንዱ ምልክት የገጹ መለያ፣ ሁለተኛው ርእሱ፣ ሦስተኛው የመፈለጊያው ቃል ነው። አንዲት ምልክት ከተሳሳተች አንባቢው አንዱን ሲጫን ሌላው ይከፈትበታል፤ ወይም ምንም አይከፈትለትም። የማርክ አንድ ደብተር ችግር እንደ ገና መጣ ማለት ነው። በ1992 ዓ.ም.፣ ሆፐር ባረፉበት ዓመት፣ ብሉ ስካይ ሶፍትዌር የተባለው ኩባንያ ሮቦሄልፕ የተባለ መሣሪያ አወጣ፤ እርሱም ምልክቶቹን በጸሐፊው ፈንታ ያስገባ ነበር። የተበታተኑትን ርእሶች ሰብስቦ አንድ የእርዳታ ፋይል የሚያደርጋቸው የማይክሮሶፍት ፕሮግራም ስም ደግሞ ሄልፕ ኮምፓይለር ነበር። ስሙ ሆፐር በ1952 ዓ.ም. ለመሣሪያቸው የሰጡት ስም ነው።

ማርክ አንድ በ1959 ዓ.ም. ሥራ አቁማ ተከፋፈለች፤ ከፊሏ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ይታያል። መጽሐፏ ግን በ1985 ዓ.ም. እንደ ገና ታተመ። የወረቀቱ ጥቅልል እንዴት እንደሚበሳ፣ ቍጥሩ በየትኛው ክፍል እንደሚቀመጥ፣ ማባዛት ሲፈለግ ምን እንደሚታዘዝ፣ ዛሬም በውስጡ በተራ ተጽፎ ይገኛል።